«ተፈወሰች» ብዬ የጻፍኩላት እናት

ያን ደብተር እስካሁን አልጣልኩትም። ሽፋኑ ተልጧል፣ ጠርዙ ተጠቅልሏል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ቁጥር ብቻ ናቸው። «11 ቤት። 4 ጸሎት። 2 ውሳኔ።» የሚቀጥለው ቅዳሜ፦ «14 ቤት። 6 ጸሎት። 1 ውሳኔ።» «ውሳኔ» የምለው ጌታን ለመቀበል የወሰነ ሰው ነው። ስም የለም፣ አንድም ቦታ። ገለጥ ገለጥ ስታደርጉ በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ የተሰመረበት አንድ ቃል ታገኛላችሁ፦ «ተፈወሰች!» ይህን የምጽፈው በዚያ ቃል ምክንያት ነው።

የሰፈር አገልግሎት ላይ ላላችሁ፣ ልትጀምሩም ለምታስቡ፣ «ጌታ ጠርቶኛል፣ ግን ከየት ልነሳ?» ለምትሉ ነው። እኔ የከፈልኩትን እናንተ ባትከፍሉ ደስ ይለኛል። የከፈልኩት እኔ ብቻ ብሆን ደግሞ ይሻል ነበር። ዋናውን ዋጋ የከፈለችው ሌላ ሰው ናት።

27 ዓመቴ ነበር። በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ እንግዳ አገልጋይ እጁን ጭኖ ጸለየልኝና «ወንጌላዊት ትሆኛለሽ» አለኝ። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ። ያን ቃል ዛሬም አልጠራጠረውም። የተሳሳትኩት በሰዓቱ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላኝ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ያለውን ሰፈር ማንኳኳት ጀመርኩ። መጋቢያችንን «አማክሬዋለሁ» እል ነበር። አላማከርኩትም፣ ነገርኩት። ልዩነቱ የገባኝ በኋላ ነው። ማማከር ማለት «ቆይ» የሚል መልስ ቢመጣ ለመቆየት መዘጋጀት ነው። እኔ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ 1ኛ ሳሙኤል 16ን ቀስ ብሎ ቢያስነብበኝ ምን ነበረበት እላለሁ። ቁጥር 13 ላይ ዳዊት በወንድሞቹ ፊት ይቀባል፣ መንፈስም ይወርድበታል። ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብላችሁ ቁጥር 19 ላይ ሳኦል ሰው ሲልክበት ዳዊት የት ነው? በጎች ዘንድ ነው። ተቀብቶ ተመለሰ፣ በጎቹንም ጠበቀ። የነገሠው 30 ዓመት ሲሆነው ነው። ጳውሎስም ቢሆን በደማስቆ መንገድ ላይ ያ ሁሉ ብርሃን ከበራለት በኋላ ወደ ዓረብ አገር ሄደ። ኢየሩሳሌም የወጣው ከ3 ዓመት በኋላ እንደሆነ ራሱ በገላትያ 1 ይናገራል። በአንጾኪያ ጾመው፣ ጸልየው፣ እጅ ጭነው የላኩት ከዚያም ብዙ ቆይቶ ነው። በጥሪና በመላክ መካከል ጊዜ አለ። እኔ ያን ጊዜ እንደ ባከነ ጊዜ ነበር የማየው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ይሞቃል። አምስት ወጣቶች ተቀላቀሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንወጣ ነበር። በር ይከፈትልናል፣ ሰዎች ያለቅሳሉ፣ አንዳንዶቹ እሑድ ይመጣሉ። እውነተኛ ነገር አልነበረም እያልኩ አይደለም። በዚያ ወቅት ጌታን ያገኙና ዛሬም ጸንተው የቆሙ ሰዎች አሉ። ችግሩ የነበረው እሑድ ላይ ነው። ከዝማሬ በኋላ አምስት ደቂቃ የአገልግሎት ሪፖርት ይሰጠኛል። መድረክ ላይ ወጥቼ «በዚህ ሳምንት 14 ቤት ገባን» ስል ጭብጨባው ይቀልጣል። ቀስ በቀስ ለዚያች አምስት ደቂቃ መኖር ጀመርኩ። ቅዳሜ ሰው ቤት ቁጭ ብዬ ሰውየው ሲያወራኝ ግማሹ ልቤ «ይሄ እሑድ ላይ እንዴት ይነገራል?» ይል ነበር። የአንድ ሰው እንባ እያየሁ ዓረፍተ ነገር አረቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

የዚያች እናት ቤት ከመንገዱ ጫፍ ነበር። ሃምሳዎቹን ያገባደደች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት። የመጀመሪያ ቀን ስንገባ ወንበሩን ለእኛ ትታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ራሷን እንደሚያማት፣ እንደሚያዞራት ነገረችን። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ኪኒኗን በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ ከመጽሐፍ ቅዱሷ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ጸለይንላት። ጸሎቱ ሲያልቅ ከቡድናችን አንዱ፣ ቅንና ትኩስ ልጅ፣ ዕቃዋን አየት አደረገና «እማዬ፣ አምነሽ ከተቀበልሽ ይሄ ምን ያደርግልሻል?» አላት።

ሰማሁ። መሪዋ እኔ ነበርኩ። «እንደሱ አይባልም» ማለት የእኔ ሥራ ነበር። እኔ ግን «አሜን» አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊቷ በርቶ ጠበቀችን። «ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ኪኒኑንም ከሰኞ ጀምሮ ትቼዋለሁ» አለች። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። እሑድ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቼ ነገርኩት። እልልታው፣ ሃሌ ሉያው፣ አትጠይቁኝ። ስሟን እንኳ አልጠራሁም፤ «አንዲት እናት» አልኩ። ስሟን ለማክበር ብዬ እንዳይመስላችሁ። አላስታወስኩትም።

አሥራ ሁለት ቀን ቆይቶ ጎረቤቷ ወለል ላይ ወድቃ አገኘቻት። ስትሮክ ነበር። ነፍሷ ተርፋለች፣ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። ግራ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ሰው ደኅና ነኝ እያለ፣ ምንም ሳያመው፣ ግፊቱ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ራስ ምታቱ ለቀቀኝ» ማለት «ግፊቱ ወረደ» ማለት አይደለም። ይህን አላውቅም ነበር። ባላውቅም ግን ዝም ማለት እችል ነበር። የስኳር፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤች አይ ቪ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው አወሳሰድ 6 ወር ይፈጃል። ታማሚው ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል፣ ያን ጊዜ ካቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ተለማምዶ ሊመለስ ይችላል። በእምነት ስም «ተዉት» የሚል ቃል ከአንደበታችሁ አይውጣ። ከቡድናችሁ ከወጣ እዚያው፣ በሰውየው ፊት፣ አርሙት። ልጁ ያፍራል ብላችሁ አትለፉት።

«ታዲያ እምነት የት አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጌታ በሉቃስ 17 ላይ ለአሥሩ ለምጻሞች ምን አላቸው? ሄዳችሁ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ። በሕጉ መሠረት ለምጹ መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበር። ፈዋሹ ራሱ ከላካቸው፣ እኔ «ሐኪምሽ ይየው፣ እሱ ተዪው ሲልሽ ትተዪዋለሽ» ብል እምነቴ ምን ይጎድልበታል? ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ደጋግሞ መታመሙ ጥቂት የወይን ጠጅ ውሰድ ብሎታል። አብሮት የሚጓዘው ሉቃስም የተወደደው ሐኪም ነው። አሁን የምንጸልየው እንዲህ ነው፦ እጅ እንጭናለን፣ ከልብ እንለምናለን፣ ከዚያ «ቀጠሮሽ መቼ ነው? የሚሸኝሽ ሰው አለ?» እንላለን።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከዚህ በኋላ ያለው ለመጻፍ የበለጠ ይከብደኛል። ሆስፒታል መግባቷን በሰማሁ ቀን መጋቢያችን ሄደ። ሽማግሌዎቹም ሄዱ። ያ «ተዪው» ያላት ልጅ እንኳ እያለቀሰ ሄደ። እኔ አልሄድኩም። ልጄን አመመኝ አልኩ። ልጄን አላመማትም ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። አልተቆጡኝም። ከመካከላቸው ትልቁ «ልጄ፣ ለጊዜው ቁጭ በይ። አገልግሎቱን እኛ እንይዘዋለን። አንቺ ስሚ፣ ብይ፣ ተኚ፣ ቃሉን አንብቢ» አለኝ። እኔ ግን ተቃጠልኩ። ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ «ቅባቱን አልቻሉትም» ብዬዋለሁ። አዎ፣ ብዬዋለሁ። እሱም ምንም አልመለሰልኝ። ዝም ብሎ ወደ ሳሎን ጥግ አመለከተኝ።

ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነው። አሻንጉሊቷን ሶፋ ላይ አስቀምጣ፣ የእኔን ቦርሳ በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ «ቻው፣ አገልግሎት መሄዴ ነው፣ እንዳታስቸግሪ» አለቻት። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ትንሽ ቆይታ ወጣች፣ አሻንጉሊቷን አየት አደረገች፣ «ደክሞኛል» አለችና ተመልሳ ገባች። ልክ እንደ እኔ። ድምፅዋ ሳይቀር።

ስምንት ወር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ወር በኩርፊያ አለፈ። መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት ወዲያው ነጥብ ማውጣት ይጀምረኛል፤ ይሄ ለስብከት ይሆናል፣ ይሄ ለቅዳሜ ይሆናል። ለራሴ ብቻ የማንበብ ነገር ጠፍቶብኝ ነበር። በኋላ የረዳኝ ቀላል ነገር ነው፦ እስክሪብቶ ይዤ አለማንበብ። ብዙ ጊዜ የቆየሁት 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ነው። ኤልያስ ከክትክታው ሥር ወድቆ ነፍሱን እንዲወስዳት ይለምናል። መልአኩ አይገሥጸውም፣ አያስተምረውም። ቀስቅሶ «ብላ» ይለዋል። ኤልያስም በልቶ ይተኛል። እንደገና ይቀሰቅሰዋል፣ እንደገና ያበላዋል። የእግዚአብሔር ድምፅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሽማግሌው «ብይ፣ ተኚ» ያለኝ ከየት አምጥቶ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አገልጋዮች፣ እባካችሁ፣ ሙሴ እንኳ አማቱ ዮቶር «ብቻህን አትችለውም፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ» ባለው ጊዜ ሰምቶታል። እናንተን «አረፍ በሉ» የሚላችሁ ሰው ሁሉ ጠላት አይደለም። ከዚህ በላይ አልልም፤ የደከመ ሰው ምክር አይወድም፣ ከራሴ አውቀዋለሁ።

በአምስተኛው ወር አካባቢ በጉባኤያችን ያሉ አንዲት አሮጊት እናት «ሰኞ ከእኔ ጋር ነይ» አሉኝ። እኒህ ሴት ለዓመታት የታመሙትን ሲጠይቁ ኖረዋል። መድረክ ላይ ቆመው አይቻቸው አላውቅም። ሪፖርት አያቀርቡም። ገና መንገድ ላይ እያለን አንድ ደንብ ሰጡኝ፦ «ሦስት ቤት እስክንጨርስ አንድ ነገር እንዳትናገሪ። ሰላምታ ብቻ።»

የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ሞቼ ነበር። የቤቱ እመቤት ስለ ልጇ ታወራለች፣ ጥቅስ በምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፣ እውጣለሁ። አሮጊቷ ምን አደረጉ? «እና ከዚያስ?» አሉ። ዝም። «አንቺስ ምን አልሽ?» ዝም። ሴትዮዋ ሃያ ደቂቃ ያህል አወራች። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከመጀመሪያው ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ተናገረች፦ ባሏ እንደሚመታት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ወደዚያ እየቀረበች ነበር። እኔ ብሆን በሦስተኛው ደቂቃ በጥቅሴ አቋርጫት፣ ጸልዬ፣ «1 ጸሎት» ብዬ ጽፌ ወጥቻለሁ።

ስንወጣ አሮጊቷን «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው። «ምኑን አወቅኩ? ጠየቅኩ እንጂ» አሉኝ። በኋላ ወንጌልን ሳነብ ሁሉም ቦታ ይታየኝ ጀመር። በሉቃስ 18 ዓይነ ስውሩ በመንገድ ዳር ይጮኻል። ምን እንደሚፈልግ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጌታ ግን «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ እሱ ይጠይቃል፣ እኔ ምንም የማላውቀው መልስ ይዤ እገባለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ የቀረ ነገር ነበር። አሮጊቷ አንድ ሰኞ ወደዚያ መንገድ ጫፍ ይዘውኝ ሲታጠፉ እግሬ ያዘኝ። «ደግሞ ይሄንን ቤት እኔ አልመረጥኩትም፣ ራሷ ናት ጥሪልኝ ያለችኝ» አሉኝ።

ገባን። ያ ወንበር እዚያው ነው። ግራ እጇን በቀኝ እጇ ደግፋ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ያዘጋጀሁትን ይቅርታ መናገር ጀመርኩ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ «አሜን»ዬ፣ ስለ መድረኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ኪኒኑን የተውኩት እኔ ነኝ፣ ትልቅ ሰው ነኝ። እሱን ትቼልሻለሁ። ግን ስድስት ቀን ተኝቼ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንቺ ትመስይኝ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። እዚያው ጠየቅኋት፦ «ስምዎን ማን ልበል?» ነገረችኝ። ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ያ ቀይ ቃል ካለበት ገጽ ላይ ስሟን ጻፍኩ። ቃሉን ልሰርዘው ስል «ተዪው፣ እኔም አልሞትኩም» ብላ ሳቀች።

ከስምንት ወር በኋላ ስመለስ ሽማግሌዎቹ በጸሎት ላኩን። «ላኩን» ነው ያልኩት። ለብቻዬ የተመለስኩ አይደለም። ያኔ ከለወጥናቸው ነገሮች ለእናንተም ይጠቅማሉ የምላቸውን ልንገራችሁ።

ደብተሩ አሁን አራት ዓምድ አለው፦ ስም፣ የነገረን ነገር፣ ቃል የገባነው፣ የፈጸምንበት ቀን። ከሁሉ የሚያሳምመው አራተኛው ነው። ድሮ ቃል መግባት ይቀለኝ ነበር። አንዲት ወጣት እናት ሥራ እንዳገኝላት ቃል ገብቼላት፣ እኔን እየጠበቀች የመጣላትን ጊዜያዊ ሥራ አሳለፈች። እኔ ደግሞ ረስቼዋለሁ። ስለዚህ አሁን «እናያለን» እንኳ አንልም። «አላውቅም፣ ጠይቄ ማክሰኞ እነግርሻለሁ» እንላለን፣ ማክሰኞ ደግሞ «አልተገኘም» ለማለትም ቢሆን እንሄዳለን። ባዶ እጃችንን የሄድንባቸው ማክሰኞዎች ከሁሉ በላይ አመኔታ አስገኝተውልናል።

ገንዘብ ብቻዬን አልነካም። ድሮ ሰዎች ለድሆች ብለው የሚሰጡኝ በእኔው ቦርሳ ውስጥ ከእኔ ጋር ይቀላቀል ነበር። አንድ ሳንቲም አልበላሁም፣ ግን «አልበላሁም» ብዬ ማሳየት አልችልም ነበር። ሐሜት ሲነሳ በቁጣ ሳይሆን በወረቀት ነው የሚመለሰው። ጳውሎስ እንኳ የኢየሩሳሌምን እርዳታ ሲሰበስብ ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የተመሰገነ ሌላ ወንድም አብረው እንዲሄዱ አድርጓል። ምክንያቱንም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ይነግረናል፦ ማንም እንዳይነቅፈን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት። «ጌታ ልቤን ያውቃል» በቂ ቢሆን ኖሮ ለጳውሎስ ይበቃው ነበር። ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ይፈራረም፣ ወሩ ሲያልቅ ለሽማግሌዎች ይቅረብ።

ፎቶ አቁመናል። እርዳታ የሚቀበል ሰው ፊት ስልክ ማውጣት የለም። አንዴ አንድ አባት ብርድ ልብሱን ተቀብለው ካሜራውን ሲያዩ ፊታቸውን በብርድ ልብሱ ሸፈኑ። እኛ ደግሞ «አባባ፣ ወደዚህ ይዩ» እንላለን! ግራ እጅህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ የተባለው ካሜራ ሳይመጣ በፊት ነው፤ ዛሬ ቢሆን ምን ይባል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

እርዳታን ከስብከት ጋር አናስርም። ድሮ ዕቃውን ከፊት ደርድረን «መጀመሪያ ቃሉን ስሙ» እንል ነበር። ሰዎቹ ይሰሙናል፣ ዓይናቸው ግን ዕቃው ላይ ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። አሁን የተቸገረ ሰው የሚሰጠው ይሰጠዋል፣ ማመኑም አለማመኑም ዋጋውን አይለውጠውም። ስለ ክርስቶስ ሲጠይቁን በደስታ እንናገራለን። ይጠይቃሉም።

ሁለት ሁለት ሆነን እንወጣለን፣ ጌታ እንደላከው። ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት ሁለት ሴቶች ይገባሉ። ልጆች ባሉበት በሩ ክፍት ይሆናል፣ ወላጅ ያውቃል፣ ማናችንም ከልጅ ጋር ለብቻችን አንቀመጥም። መደብደብና መደፈር የመሰለ ነገር ከሰማን «ጸልይበት» ብለን አንዘጋውም፤ ከአቅማችን በላይ ነውና ሙያው ወዳላቸውና ሕግ ወዳለበት አብረን እንሄዳለን። ያ ባሏ የሚመታት እመቤት ዛሬ ከልጆቿ ጋር በሰላም ትኖራለች። የሄድንበት መንገድ ረጅም ነው፣ የእሷ ታሪክ ስለሆነ አልዘረዝረውም።

ጥሪዬስ? «ወንጌላዊት ትሆኛለሽ» ያለው ቃል ምን ሆነ? ለረጅም ጊዜ ወንጌላዊ ማለት ማይክ የያዘ ሰው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የሐዋርያት ሥራን ሳነብ ፊልጶስ ላይ ቆምኩ። በአዲስ ኪዳን «ወንጌላዊ» ተብሎ በስሙ የተጠራ ሰው እሱ ብቻ ነው። ከየት ጀመረ? ምዕራፍ 6 ላይ፣ መበለቶች በየዕለቱ እደላ ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም ሲነሳ ለማዕድ አገልግሎት ከተመረጡት ሰባት ሰዎች አንዱ ሆኖ። ስም ዝርዝር፣ እደላ፣ ማን ተረሳ፣ ማን ደረሰው። ሰማርያ ከዚያ በኋላ ነው የመጣችው። የጃንደረባው ሰረገላም እንዲሁ። እዚያም ቢሆን ምን እንዳደረገ ተመልከቱ፦ ሮጠ፣ ሲያነብ ሰማው፣ ከዚያ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። ሰማ፣ ጠየቀ፣ ሲጋበዝ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ከዚያ አፉን ከፈተ። ከብዙ ዓመት በኋላ ምዕራፍ 21 ላይ ጳውሎስ ቂሣርያ ቤቱ ሲያርፍ ሉቃስ «ወንጌላዊው ፊልጶስ» ይለውና ወዲያው «ከሰባቱ አንዱ» ብሎ ይጨምራል። የማዕዱን ነገር አልረሳለትም።

እኔም ማይክ ላይ ብዙም እንዳልሆንኩ ተቀብያለሁ። ስብከቴን የሰማ ሰው ይመሰክራል። የእኔ ነገር ቤት ውስጥ ነው፦ ወንበር ላይ፣ «እና ከዚያስ?» ላይ። ይህን የነገረኝ ራእይ አይደለም። ያገለገልኳቸው ሰዎች ናቸው። ስጦታችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሁለት ሦስት የምታገለግሏቸውን ሰዎች «እኔ ምን ሳደርግ ነው የጠቀምኩህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትጠብቁትን መልስ ላታገኙ ትችላላችሁ። እኔ አንዷ «ልጄን ይዘሽልኝ የተኛሁ ቀን» ብላኛለች።

ልጄ አሁን አድጋለች። ቅዳሜ ከሰዓት የእሷ ነው፣ ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ይህንንም ደብተሩ ላይ ቃል የገባነው ከሚለው ዓምድ ጻፍኩት። አንዳንዴ የፈጸምንበት ቀን ባዶ ሆኖ ያድራል፣ እሷ ግን ቆጥራ ትይዘዋለች።

ያቺ እናትስ? አሁን ሰኞ ሰኞ አብራን ትወጣለች። ደረጃ ላይ ክንዷን እይዝላታለሁ፣ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ትይዝልኛለች። የታመመ ሰው ቤት ስንገባ ሁላችንም ከመቀመጣችን በፊት ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት። ባለፈው ሰኞም አንድ አልጋ አጠገብ ቆማ፣ ግራ እጇን ደግፋ፣ ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «መድኃኒትሽን ወስደሻል?» አለቻት።

«ማታ ነው የምወስደው» አለች ሴትዮዋ።

«የት ነው ያለው? አሳዪኝ።»

አሳየቻት። ዕቃውን ነቅነቅ አድርጋ ድምፁን ሰማችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች፦ «በሉ፣ እንጸልይ።»